ለታና ምልክት የሌለው ጠመንጃ

ለታ ዋቆ አሰላ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለአዳኞች የጠመንጃ ሰደፍ ከወይራ እንጨት ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው። ስሙን በሥራው ላይ ጽፎ አያውቅም፤ ሰደፉን በሚይዙት ብሎኖች አናት ላይ ያለውን የካቻቢቴ መግቢያ መስመር ግን ሁሉንም ወደ አፈሙዙ ያቀናል። ይህን ያስተማረው ታናሽ ወንድሙን ጉርሙን ብቻ ነው።

ባለፈው ኅዳር አንድ መርማሪ ቁጥርም ምልክትም የሌለው የአደን ጠመንጃ ይዞ ወደ ለታ ቤት መጣ። ጢቾ አጠገብ ሰው ተገድሎበታል። እኔም ጎረቤቱ ነኝና አብሬው ተቀምጬ ነበር።

“አባባ፣ ይህን የሠራው ማን ነው?”

ለታ ሰደፉን ዳበሰ፤ የብሎኖቹ መስመር ሁሉ ወደ አፈሙዙ መቅናቱን አየና ፊቱ ጠቆረ። ወንድሙ በድብቅ ጠመንጃ እንደሚሠራ ያን ጊዜ ገባው።

“እኔ ነኝ” አለ።

“መቼ?”

“ዘንድሮ።”

መርማሪው ካቻቢቴ አውጥቶ ሰጠው። “እንግዲያው አንዷን ብሎን ይፍቱልኝ።”

የለታ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። ካቻቢቴው ከብሎኑ ላይ እየተንሸራተተ እንጨቱን ሦስት ቦታ ቧጠጠው።

“የሚሸፍኑለት ሰው አለ ማለት ነው” አለ መርማሪው። “ማንን ነው ያስተማሩት?”

ለታ ካቻቢቴውን መለሰለት። መልሱን ግን ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቀው መርማሪው ከሌላ ሰው ሰማው።

ከሰዓት በኋላ ፖሊሶች ጉርሙን እጁን አስረው በደጃችን አሳለፉት። ለታን ሲያይ ቆመ።

“ጋሼ፣ የሰደፉ ሥራ እንዴት ነው?”

“ንጹሕ ነው።”

ጉርሙ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ለታ እስካሁን ስለ ወንድሙ ሲጠየቅ የሚያወራው የወንድሙን ንጹሕ ሥራ በገዛ እጁ ስለ መቧጠጡ ነው።