አባቴን ከስሜ ያወጣሁበት መንገድ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አዲስ አበባ

አውቶቡስ ተራ ገና አልነጋም። የጎጃሙ አውቶቡስ ሞተሩ ተነሥቶ ይንቀጠቀጣል፤ ረዳቱ ጣሪያው ላይ ቆሞ ቆርቆሮና የጨው ከረጢት ይቀበላል። አክስቴ ነጠላዋን ተከናንባ በመስኮቱ ሥር ቆማለች። የበሶ ስንቄን አቀበለችኝና፣ «ቢቆጣ ዝም ብለሽ ስሚው፤ አባት ነው» አለችኝ።

«ባይቆጣስ?» አልኳት።

ነጠላዋን አጥብቃ ተከናነበችና ከመስኮቱ ራቀች።

ጉዳዬ ይህ ነው። የተወለድኩት ሞጣ፣ በእናቴ ወላጆች ቤት ነው፤ በእኛ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ሄዳ ነውና። እስከ ስድስት ዓመቴ ያደግኩት ግን ብቸና አጠገብ፣ በአባቴ ቤት ነው። እናቴ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ከነልጁ ሞተች። አክስቴ ለለቅሶ መጥታ ስትመለስ እኔን ይዛ ሄደች። ባሏ ጋሼ ደምሴ ትምህርት ቤት ሊያስገቡኝ ሲሄዱ «የአባት ስም?» ተባሉ፤ የራሳቸውን ሰጡ። ክፋት አልነበረበትም። ሕፃኗ ከጓደኞቿ ፊት አባት የሌላት እንዳትመስል ብለው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየወረቀቱ ይርገዱ ደምሴ ሆንኩ።

ዘንድሮ የነርስ ትምህርቴን ጨረስኩ። ለዲፕሎማው የልደት ወረቀት አምጪ ተባልኩና ሞጣ ጻፍኩ፤ ከተጠመቅኩበት ቤተ ክርስቲያን የመጣው ወረቀት «ይርገዱ አያሌው» ይላል። የመዝገብ ቤቱ ሹም ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» አለኝ። የፈተና ውጤት የወጣበት ስም አይነካም፤ የሚለወጠው የልደቱ ነው። ጋሼ ደምሴ ከሞቱ ሁለት ዓመታቸው ስለሆነ በጉዲፈቻ አሳድጌያታለሁ ብሎ የሚፈርም የለም። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ብቸና ሄጄ አባቴን ፍርድ ቤት ማቅረብ፣ ከዚያም የፍርዱን ወረቀት ይዤ ሞጣ መድረስ።

አባቴን ካየሁ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኛል።

ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፣ የዓባይ በረሃ

መንገዱ ቁልቁል መጠማዘዝ ሲጀምር ተሳፋሪው ሁሉ አማተበ። ሙቀቱ ከታች እንደ ምድጃ ይነሣል። ጦጣዎች የድንጋዩን አጥር ይዘው ተቀምጠዋል። አጠገቤ ያሉት ባልቴት ከቅል ውሃ ጠጡና ለእኔም ሰጡኝ። ድልድዩን ስናልፍ ወሬ ያቆመው ሰው ደጀን ላይ የደጋው ነፋስ ሲመታን እንደገና መናገር ጀመረ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ ባልቴቲቱ።

አገራችን መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኼው ነው። «የብቸናው የአያሌው» አልኩ። ጉዳዬን አስቤ ፊቴ ጋለ።

ረቡዕ፣ ረፋድ ላይ፣ ከብቸና ወጣ ብሎ

ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። የጤፉ ማሳ ታጭዶ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። አባቴ የሣር ቤታቸውን በረት አጥር ይጠግኑ ነበር። ቁመታቸው አንሶ አገኘሁት። ቀና ብለው አዩኝና የያዙትን እንጨት ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«እናትሽን መስለሻል» አሉኝ። ጉልበታቸውን ስስም እጃቸው ራሴ ላይ ቆየ።

የእንጀራ እናቴ እትዬ ጥሩ ሽሮ አቀረቡ። ልጅ አልወለዱም። የመጣሁበትን ስናገር አባቴ እንጀራውን እንደ ያዙ ቀሩ። እትዬ ጥሩ ግን አላስቻላቸውም።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ስም አስጠሪ እኮ የለንም! ያለሽው አንቺ ነሽ።»

«ተይ» አሏቸው አባቴ። ወደ እኔ ዞሩ። «ካልተለወጠስ?»

«ዲፕሎማውን አይሰጡኝም። ያለ እሱ ሥራ አልይዝም፤ አራት ዓመት የተማርኩት ከንቱ ይሆናል።»

«ምን ምን አስተማሩሽ?»

«ሌላም ሌላም አለ፤ ማዋለድም ተምሬያለሁ።»

ይህ ቃል ከአፌ እንዴት እንደወጣ ገረመኝ፤ በዚያ ቤት ውስጥ፣ እናቴ በሞተችበት ቤት ውስጥ። አባቴ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ነገ እንወርዳለን» አሉ። ምግቡን አልጨረሱትም።

ሐሙስ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት፣ ብቸና ፍርድ ቤት

ፍርድ ቤቱ ደጅ ባለው ባሕር ዛፍ ሥር ማመልከቻ ጻፊዎች ተደርድረዋል። አንደኛው፣ መነጽሩን በክር ያሰረ ሰው፣ ጉዳዬን ሰምቶ ሳይጨነቅ ጻፈ። ሲጨርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልን፤ «አመልካች በእውነቱ የአቶ ደምሴ ልጅ ስትሆን፣ አቶ አያሌው የሥጋ አባቷ አለመሆናቸውን በመሐላ ያረጋግጣሉ።»

አባቴ ወደ ሰውየው ጎንበስ አሉ። «ይኼ እኮ እናቷን አመንዝራ አደረጋት።»

«አባባ፣ ዳኛ አጭር ነገር ይወዳል። እንዲህ ካልሆነ ጉዳዩ እስከ ክረምት ይጓተታል።»

«እናቷ ሞታለች። አፍ የላትም።»

ሌላ እንዲጽፍልን ለመንኩት፤ ሌላ ባለጉዳይ ጀምሮ ነበር። ተራችን ሲጠራ በያዝነው ወረቀት ገባን። ከዳኛው ወንበር በላይ የጃንሆይ ሥዕል ተሰቅሏል። አባቴ ጋቢያቸውን አደግድገው ቆሙ። ጸሐፊው ማመልከቻውን ሲያነብ ችሎቱ ውስጥ ያለው ሕዝብ አንገቱን አስግጎ አየኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዳኛው ሽበታም ሰው ናቸው። «ይምላሉ?» ብለው ጠየቁ።

«አልምልም» አሉ አባቴ። «ልጄ ናት። እናቷን በሥርዓት አግብቼ የወለድኳት ናት።»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ። ዳኛው ግን ማመልከቻውን ተቀብለው ለራሳቸው አነበቡ፤ ከዚያ እኔን ጠየቁኝ። እንደ ምንም የትምህርት ቤቱን ነገር ተናገርኩ። ብዕራቸውን አንሥተው አባትነትን የሚክዱትን ሁለት መስመሮች ሰረዙ።

«ስም መለወጥ ሌላ፣ አባትነት መካድ ሌላ። የጠየቀችው ስም ነው። አቶ አያሌው፣ ልጅዎ በሌላ ሰው ስም ብትጠራ ይቃወማሉ?»

ከውጭ የአህያ ጩኸት ይሰማል። አባቴ የጋቢያቸውን ጫፍ ጨበጡ።

«አልቃወምም» አሉ፤ ድምፃቸው ሊሰማ አልቻለምና ዳኛው እንዲደግሙት አደረጓቸው። ደገሙት።

ዓርብ፣ ወደ ሞጣ

ሞጣ ብቻዬን መሄድ እችል ነበር። አባቴ እምቢ አሉ። «ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሲሰረዝም ልቁም» አሉ። ጨው በጫነ የጭነት መኪና ላይ፣ ከረጢቱ ላይ ተቀምጠን ሄድን። ደብረ ወርቅን ስናልፍ አቧራው ፊታችንን አንድ መልክ አደረገው። በግራችን የጮቄ ተራራ ደመና ለብሷል። አባቴ አልፎ አልፎ በጣታቸው ያሳዩኛል።

«በዚህ ነው ያለፍኩት። ክርስትና ስትነሺ፣ ሰማንያኛ ቀንሽ ነው፣ ሁለት ቀን በእግሬ መጣሁ። በዚያ ወንዝ ዳር አደርኩ። በቅምጫና ሙሉ ማር ይዤ ነበር።»

«ያን ጊዜ መኪና አልነበረም?»

«መኪና ቢኖርስ? ለልጄ ነበር የምሄደው፤ አልደከመኝም።»

ሞጣ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። የእናቴ ወላጆች ሞተዋል፤ ቤታቸው ሌላ ሰው ገብቶበታል። በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። መዝገቡን የሚይዙት ቄስ አባቴን በድምፃቸው አወቋቸው፤ ከዕቃ ቤቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ወፍራም ደብተር አወጡ። የፍርዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበቡ።

«አያሌው፣ ወደህ ነው?»

«ለልጅቷ እንጀራ ነው፣ አባ። ይሰርዙት።»

ቄሱ ገጹን ፈለጉ። ቀለሙ ወደ ቡናማ ተለውጧል፤ የእኔ ስም፣ የእናቴ ስም፣ የአባቴ ስም። አባቴ ልጅ ሳሉ ዳዊት ደግመዋልና ማንበብ ይችላሉ። ጣታቸውን ስሙ ሥር አድርገው ፊደሉን አንድ በአንድ አነበቡና እጃቸውን ሰበሰቡ። ቄሱ መስመር አሰመሩ። በጎኑ «ደምሴ» ብለው ጻፉ፤ ከዚያ አዲሱን የልደት ወረቀት ጽፈው ማኅተም መቱበት። እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ። አባቴ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ተሳልመው ቀድመውኝ ወጡ።

ቅዳሜ፣ ከሞጣ ስንመለስ

ሾፌሩ ዛሬ ከፊት፣ ከአጠገቡ አስቀመጠን። ወሬ ወዳድ ነው።

«ልጅዎ ናት አባባ?» ብሎ ጠየቀ።

አባቴ መንገዱን እንዳዩ፣ «ዘመዴ ናት» አሉ።

እኔም ዝም አልኩ። ልጃቸው ነኝ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ወረቀት ትዝ አለኝና ቃሉ ጠፋኝ። ያ ዝምታ ከፍርድ ቤቱ ቀን ይበልጥ ይቆጨኛል።

ብቸና ሳንደርስ፣ ወደ መንደራቸው የሚወስደው መታጠፊያ ላይ መኪናው ቆመ። ወርጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «ለፋሲካ እመጣለሁ» አልኩ።

«በሥራሽ በርቺ» አሉኝ። «ምጥ የጠናባት ሴት ስታገኚ አትራቂያት። ሌሊትም ቢሆን አትራቂያት።» ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱና በማሳው መካከል ሄዱ። ሾፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ ቆሜ አየኋቸው፤ አልዞሩም።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ

የመዝገብ ቤቱ ሹም የልደት ወረቀቱን ከሌላው ጋር አስተያየና ፋይሉ ውስጥ ከተተው። «አሁን አንድ ሰው ሆንሽ» አለኝ። ዲፕሎማዬን ፈርሜ ወሰድኩ።

ከሰዓት በኋላ በሰላም መግባቴን ለአባቴ ልጽፍላቸው ተቀመጥኩ። አክስቴ ደስታዋን አትጨርስም፤ ዲፕሎማውን ግድግዳው ላይ የት እንደምትሰቅለው ትለካለች። ደብዳቤው ቀላል ነበር፤ ስለ መንገዱ፣ ለእትዬ ጥሩም ሰላምታ። ግርጌው ላይ ስደርስ «ልጅዎ ይርገዱ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በልማድ ቀጥዬ የአባት ስም ልጨምር ብዕሬን አስጠጋሁ። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ ያዝኩት። የትኛውንም ሳልጽፍ አጠፍኩና ፖስታውን ዘጋሁ።