የኤርጫፎ ደወል

ወሰንየለሽ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ዲናሞ ትፈታለች፣ የተቃጠለ ሽቦ ትቀይራለች፣ የማይጮኽ ክላክስ ታስጮኻለች። እንግዳ ሾፌር ሲመጣ ወደ ክፍሉ አጮልቆ ያይና፣ "ባለሙያው የለም?" ይላታል።

"ባለሙያዋ እየሰማችህ ነው፤ ኮፈኑን ክፈት" ትለዋለች።

ጎረቤቷ ስለነበርኩ ብዙውን ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። ያላየሁትን ከራሷና ከሻይ ሻጯ ከቲጂ ሰምቻለሁ።

ሙያውን ያስተማራት ባሏ ኤርጫፎ ነበር። ኤርጫፎ የኦቾሎ ሰው ነው፤ ከሸማኔ ቤት የወጣ። ገደል አፋፍ ላይ ካለችው መንደራቸው ወርዶ ሙያ ቢቀይርም ጣቶቹ ሽመናውን አልረሱም። ሽቦ ከሽቦ ሲያያይዝ እንደ ሌሎቹ ጥቁር ናስትሮ አይጠቀልልም፤ በአርባ ምንጭ ሙቀት ናስትሮ ሙጫው ይቀልጥና ይላቀቃል። እሱ ሰም በተቀባ ፈትል ጠምጥሞ ያስርና መጨረሻው ላይ፣ ሸማኔ የተበጠሰ ድር የሚቀጥልባትን ትንሽ ቋጠሮ ይቋጥራል። ኮፈን ተከፍቶ ያቺ ነጭ ቋጠሮ ከታየች፣ የኤርጫፎ እጅ እዚህ ደርሷል ይባል ነበር። ወሰንየለሽም እንደሱ ታስራለች፤ የእሷ ግን የእሱን ያህል አትጠብቅም።

ያረጀች ፒክአፕ ነበረቻቸው። ከጫኖ ሙዝ ጭና ወደ ጨንቻ ስትወጣ፣ ዳገቱ መሃል ላይ ነዳጅ ያጥራትና ታንቃ ትቆማለች። የሞተሩ ፓምፕ ደካማ ነበር። ኤርጫፎ ከአንድ ከወደቀ ትልቅ መኪና ላይ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ፈትቶ፣ ከኋላ፣ ነዳጅ ከሚይዘው ሰልባቲዮ አጠገብ ገጠመላት። እንዲህ ያለው ፓምፕ ብዙ ኃይል ይጠጣል፤ ኃይሉ በማስነሻ ቁልፉ በኩል ካለፈ ቁልፉን ያቃጥለዋል። ስለዚህ መሃል ላይ ሪሌ አስገባ። ሪሌ የክብሪት ቤት የምታህል ሳጥን ናት። ቀጭን ሽቦ ትንሽ ትእዛዝ ሲያመጣላት "ቀጭ" ትልና ከባትሪው የመጣውን ትልቁን ኃይል ለፓምፑ ትለቅለታለች።

"ሪሌ ጥሩ ሽማግሌ ነው" ይል ነበር ኤርጫፎ። "በዝግታ የነገሩትን ሰምቶ፣ አገር ያንቀሳቅሳል።"

ትእዛዙን ያመጣው ከሞተሩ ዘይት ግፊት ነው። ሞተሩ ሲዞር ዘይቱ ይገፋል፤ ዘይቱ ሲገፋ ፓምፑ ይሠራል። ሞተሩ ከቆመ ፓምፑም ይቆማል። መኪናዋ ብትገለበጥ ቤንዚን እየረጨች እንዳታቃጥላቸው ብሎ ነው። ነገር ግን ያልተነሳ ሞተር ዘይት አይገፋም። ለማስነሻ የሚሆን ሌላ ትእዛዝ አስፈለገ። ለዚህም ከአንድ ፈራሽ ቤት በር ላይ የነቀለውን የደወል መጫኛ ከመሪው በስተግራ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ገጠመ። በግራ እጅ ደወሉን ተጭኖ ይዞ በቀኝ እጅ ቁልፉን ማዞር ነው። እንደማይደውል እያወቁ "ደወሉ" ይሉት ነበር።

ይህን ሁሉ ማብዛቴ ለአንድ ነገር ነው፦ ሞተሩ ሳይነሳ ያ ፓምፕ የሚጮኸው፣ የሰው ጣት ደወሉ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነበር።

በሰማንያ ስምንት ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ኤርጫፎ ታላቅ ወንድሙን አቶ ጋሻዬን ሊጠይቅ ወደ ኦቾሎ ወጣ። ዝናብ ሳይመጣ ልውረድ ብሎ በአሥር ሰዓት ገደማ ተሰናበታቸው። በማግስቱ ፒክአፗ ከላንቴ መንደር አለፍ ብሎ፣ ወደ አባያ ሐይቅ በሚያዘነብለው በኩል፣ የፊት ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገብቶ ተገኘች። የሾፌሩ በር ክፍት ነው። ቁልፉ ቦታው ላይ ነው። ባትሪው ሞቷል። ኤርጫፎ የለም።

ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ዱካ አላስቀረም። ሰው በሐይቁ ዳርና በቁጥቋጦው ውስጥ ሲፈልግ ሰነበተ፤ ጫማ እንኳን አልተገኘም። አዞ ነው ያሉ ነበሩ፤ ጅብ ነው ያሉ ነበሩ። ሞያሌን ተሻግሮ ሌላ ትዳር ይዟል ያሉም አልጠፉም። ወሰንየለሽ ሁሉንም እኩል ሰምታ ለማንም አልመለሰችም። ፒክአፗ በጭነት መኪና ተጎትታ መጥታ ማንጎው ሥር ቆመች።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ የኦቾሎ ዘመዶች ለቅሶ እንቀመጥ አሉ። እነሱ ዘንድ ያልተለቀሰለት ሙት ቀላል ነገር አይደለም። ሥርዓቱ ሲጓደል ጎሜ ይመጣል ይላሉ፤ መዘዙ ከብቱንም ልጁንም ይነካል። ወሰንየለሽ እምቢ አለች።

"በቁሙ ላልቅስለት?" አለችኝ አንድ ቀን፣ ሽቦ እየላጠች። "ነገ ቢመጣ፣ ማቅ ለብሼ ቢያየኝ፣ ገደልሽኝ አይለኝም?"

ካለቀሰች፣ በሕይወት ካለ፣ የቀበረችው እሷ ናት። ካላለቀሰች፣ ሞቶ ከሆነ፣ መንገድ ላይ ያቆመችው እሷ ናት።

ፒክአፗን ከክፍሉ በር ፈቀቅ ለማድረግ ብላ ባትሪውን ሞልታ የመለሰችው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ፣ ፓምፑ ጮኸ።

መጀመሪያ የሰማችው ቲጂ ናት። ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ከመኪናዋ ኋላ "ዝዝዝ" የሚል፣ ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ የመሰለ ድምፅ ወጣ። ጥቂት ቆየና ጸጥ አለ። በመኪናዋ ውስጥ ሰው አልነበረም። መስኮቶቿም ዝግ ነበሩ።

"ወሰኔ፣ ባልሽ መጥቷል መሰለኝ" አለች ቲጂ፤ መቀለዷ ነበር። "ሻይ ልላክለት?"

ወሰንየለሽ አልሳቀችም። ቲጂም በማግስቱ ድምፁን በዚያው ሰዓት ስትሰማ መቀለዱን ተወች። ከዚያ ወዲያ አመሻሽ ላይ ሻይ ሊጠጣ የሚመጣ ሰው ቀነሰ። እኔም በማንጎው በኩል ማለፉን ትቼ ዙሪያውን እሄድ ነበር።

ሙያዋ ነውና ወሰንየለሽ ምክንያቱን ፈለገች። ሪሌዋን ከፍታ አየች፤ ንጹሕ ናት፤ ጉንዳን አልገባባትም፣ አልተጣበቀችም። ስትነቅላት ፓምፑ ዝም ይላል፤ ስትመልሳት በማግስቱ ይጮኻል። "ሪሌ ከራሷ አትናገርም፤ የታዘዘችውን ነው" አለች። ከዘይቱ የሚመጣውን ሽቦ በጠሰች። ያም ሆኖ ጮኸ። የቀረው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው። ደወሉ።

እዚያ ላይ አቆመች። ከዳሽቦርዱ ሥር አንገቷን አስገብታ ማየት ብቻ ነበር የቀራት። በየቀኑ የሰው መኪና ሥር የምትተኛ ሴት ያን ማድረግ አቃታት። እየፈራች መስሎኝ ነበር። በኋላ እንደገባኝ ግን ፍርሃቷ ሌላ ነበር፦ ምንም አጣለሁ ብላ ሳይሆን፣ ምክንያቱን አገኘዋለሁ ብላ ነው የፈራችው። ፓምፑ እስከ ጮኸ ድረስ አንድ ቦታ ላይ የኤርጫፎ ጣት አለች።

መጋቢት ላይ አቶ ጋሻዬ ከኦቾሎ ወረዱ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሸማኔ ናቸው። ቲጂ ዘንድ አግዳሚው ላይ አብረን ተቀመጥን።

"ወሰን፣ እናታችን አርጅታለች" አሉ። "ልጇን ሳታለቅስ ትሙት?"

"እኔ አላልኩም፣ ጋሼ።"

"እና ምን ትያለሽ?"

"ይምጣ ነው የምለው።"

"ከየት ይምጣ?"

ልትመልስ አፏን ስትከፍት ፓምፑ ጀመረ። አቶ ጋሻዬ ብርጭቋቸውን ይዘው ቀሩ። ድምፁ ከኋላ ይመጣል፤ ሁላችንም የምናየው ግን ከፊት ያለውን ባዶ ወንበር ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ ዝግ ብለው።

"ደወሉ ነው። የሰው ጣት ካልተጫነው አይጮኽም።"

አቶ ጋሻዬ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡ። "እንግዲያው ጣቱን እንየው" አሉ። "የወንድሜ ከሆነ እኔ አውቀዋለሁ።"

ወሰንየለሽ የእጅ ባትሪ ይዛ ሄደች። በሩን ከፈተች፤ ተንበርክካ አንገቷን ከመሪው ሥር አስገባች። ፓምፑ ይጮኻል። ከዚያ ድምፁ ቀጥ አለ። እሷ ግን አልወጣችም። ቲጂ ክንዴን ጨብጣኝ ነበር።

ስትወጣ መዳፏ ላይ አጭር ሽቦ ነበር። አንዱን የደወሉን እግር ከሌላው አገናኝቶ፣ ደወሉ ሁልጊዜ እንደ ተጫነ የሚያደርግ ሽቦ። መኪናዋ ስትጎተት አንዱ ጫፍ ላልቷል። ቀን በሙቀት ብረቱ ያብጥና ይለያያል፤ ሲመሽ መቀዝቀዝ ሲጀምር ለጥቂት ጊዜ ይነካካል፤ ጨርሶ ሲበርድ እንደገና ይላቀቃል። ምክንያቱ ይኸው ነበር። ሽቦው የታሰረው በፈትል ነው፤ ፈትሉ መጨረሻው ላይ ቋጠሮ አለው።

"የእሱ ነው" አለች። "ግን ልክ አይደለም። ያንብቡልኝ፣ ጋሼ።"

አቶ ጋሻዬ ቋጠሮውን ወደ መብራቱ አስጠጉ። ድር እንደሚመረምሩ በጥፍራቸው ዳሰሱት።

"ሰም የለውም" አሉ። "ከጋቢው ጫፍ የተመዘዘ ነው። እኔ የሸመንኩለት ጋቢ ነው።" ጭራውን በጥፍራቸው አቃኑ። "የእኛ ቋጠሮ ጭራው ወደ ቀኝ ነው የሚወድቀው። ይሄ ወደ ግራ ወድቋል። ይህችን ጫፍ እይ፤ ተነክሳ ጠፍጣፋ ሆናለች። በጥርሱ ይዞ፣ በግራ እጁ ነው የቋጠረው።"

"ቀኝ እጁስ?"

አቶ ጋሻዬ ፈትሉን አገላብጠው አሳዩዋት። ፈትሉ ቡናማ ሆኖ ደርቋል። ቲጂ፣ "ዝገት ነው፣ አይደል?" አለች። አቶ ጋሻዬ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይደለም ማለታቸው ነበር።

ወሰንየለሽ መሬት ላይ ተቀመጠች። ነገሩን እንደ ሥራ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትከተለው ጀመር። "አንድ እጅ ነው የቀረው። በአንድ እጅ ደወሉንም ቁልፉንም መያዝ አይቻልም። ስለዚህ ደወሉን አስሮ እጁን ነፃ አወጣ። አስነስቷት ሊመጣ ነበር።" ቀና አለች። "ሞተሩ እምቢ አለው። ፓምፑ ባትሪው እስኪያልቅ አጠገቡ ሲጮኽ አድሯል። ቢችል ኖሮ ያን ሽቦ ይፈታው ነበር፤ አልቻለም። መኪና እንድትቃጠል የሚተው ሰው አይደለም።"

መጀመሪያ ያለቀሱት አቶ ጋሻዬ ናቸው፤ ድምፅ ሳያሰሙ።

"ለቅሶውን እንቀመጥ፣ ጋሼ" አለች።

ወደ ኦቾሎ ከመሄዷ በፊት ባትሪውን ከፒክአፗ አውጥታ ሱቋ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች፤ ሪሌዋንም ነቀለች። ቲጂ ቤት ጠባቂ ሆና ቀረች። እኔ ከለቀስተኞቹ ጋር ወጣሁ። አስከሬን ስላልነበረ፣ ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት ሜዳ፣ በዱቡሻው ላይ፣ አንድ ጋቢ ዘረጉ። ወሰንየለሽ ያቺን ሽቦ ከነቋጠሮዋ ከጋቢው ሥር አስቀመጠች። ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ዙሪያውን እየሮጡ አለቀሱ። እናቱ አንዴ ጋቢውን ገልጠው ቋጠሮዋን ነኩና መልሰው ሸፈኑት። ለቅሶው ያበቃው አመሻሽ ላይ፣ ከታች አባያ ሐይቅ ሲጠቁር ነው።

ስንመለስ ቲጂ ሱቁ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ፊቷ ጥሩ አልነበረም።

"ጮኸ" አለች።

"መች?" አለች ወሰንየለሽ።

"የለቅሶው ዕለት፣ ሲመሽ። እንደ ወትሮው አጭር አይደለም፤ ረጅም ጮኸ። ከዚያ እንደሚያንቀላፋ ሰው ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ጠፋ።"

ሁላችንም ወደ መደርደሪያው ተመለከትን። ባትሪው በቦታው ነው፤ ላዩ አቧራ ይዟል። ሪሌዋ አጠገቡ ናት። ወሰንየለሽ ሁለቱንም በእጇ ነካች። ከዚያ ወጥታ ፒክአፗ ውስጥ ገባች፤ በግራ እጇ ከዳሽቦርዱ ሥር ደወሉን ፈልጋ አገኘችው፤ ጣቷን አሳረፈችበት። ምንም አልጮኸም።

"አንስቷል" አለች። "ጣቱን አንስቷል።"

በሩን ቀስ ብላ ዘጋች፤ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ እንደምትጠነቀቅ።