የኋላው ረድፍ

በቀደም የእህቴ ልጅ የሠርጓን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። ሁለት ጣቴን ስክሪኑ ላይ ዘርጋ ሳደርግ፣ ከሁሉም ኋላ የቆመው አጎቷ የሸሚዙ ቁልፍ ሳይቀር ጥርት ብሎ መጣ። ሙሽራዋን ትቼ ከኋላ መጀመሬ ገርሟት ሳቀች።

ይህ ልማድ የመጣብኝ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ባለ አንድ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር ላይ እሠራ ነበር። ደንበኞች የሚያመጧቸውን የድሮ ፎቶዎች ስካን አድርገን የምናስቀምጠው ቢትማፕ በሚባል ፋይል ነበር፤ ከክብደቱ የተነሳ አንዱ እስኪከፈት ሳምቡሳዬን በልቼ እጄን እጠርግ ነበር። ኮምፒውተሩ ሞልቶ አላስገባ ሲል፣ እኔ ብልጧ ብዙዎቹን ፎቶዎች አሳነስኩና ትልልቆቹን አጠፋኋቸው። ባለቤቱ ጋሽ ተስፋዬ «ጎበዝ!» ሲለኝ ደስታዬ ሌላ ነበር።

በግንቦት ሙቀት በዕድሜ እናቴ የምትሆን ደንበኛችን፣ አዴ ፋጡማ፣ ከመልካ ጀብዱ መጣች። ሟች ባሏ የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። የነበራት አንድ ፎቶ፣ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር የተነሳው፣ ቤቷ ውስጥ ምስጥ በላው። እኛ ጋ ስካን መደረጉን ታውቃለችና ፊቱን ብቻ አሳድጌ እንዳትምላት ጠየቀችኝ። እሷ እያመለከተችኝ ከኋላው ረድፍ ጫፍ አገኘሁት። ሳሳድገው ፊቱ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆነ።

«አቦ፣ ይሄ ብሎኬት ነው» አለች። «የኔ ሰው ብሎኬት ነበር እንዴ?»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ አዴ። ጥርት ያለውን ፈልጌ አገኝልሻለሁ» አልኳት።

መሳቢያ ለመሳቢያ ስበረብር ትልቁ ፎቶ የተቀዳበት አንድ የተጫጫረ ሲዲ ተገኘ። ቢትማፕ የሚከፈተው ከታች ወደ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ጫማ፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰዎች። የኋላው ረድፍ መጨረሻ ነው። የሰውየው ደረት ጋ ሲደርስ ኮምፒውተሩ በሙቀት ደርቆ ቆመ። በማግስቱ ኮሌታው ጋ ቆመ።

«ተይው ባክሽ» አለኝ ጋሽ ተስፋዬ፣ «በዚህ ሙቀት እንኳን ማሽን ግመልም አይሠራ።»

እምቢ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጀንበር ሳትበረታ ገባሁ። የኮምፒውተሩን ክዳን ፈትቼ ቬንትሌተር ደገንኩበት፤ መስኮቱ ላይ ያራስኩትን ጆንያ ሰቀልኩ። አዴ ፋጡማ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ኮሌታው መጣ። አገጩ፣ ጢሙ፣ ዓይኖቹ።

«ፀጉሩን እዪልኝ!» ብላ ጮኸች። «አበጥር ብዬው ነበርኮ!»

ሳቀች፤ ወዲያው በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

የዚያኑ ዕለት ፊቱን አትሜ ሰጠኋትና ፎቶውን ትንሹም፣ መካከለኛውም፣ ትልቁም ባንድ ላይ ወደሚቀመጡበት የፋይል ዓይነት ቀየርኩት፤ ገበያ ላይ አንዱ ባንዱ ውስጥ ገብቶ እንደሚሸጥ ድስት። ትንሹ ቶሎ ይከፈታል፣ ስታቀርቡት ትልቁ ይመጣል፤ ቦታ ጠበበ ተብሎም ትልቁ አይጣልም። የቀሩትን ቢትማፖች በየጧቱ እንዲሁ ስቀይር ክረምቱ አለፈ። ያጠፋኋቸው ግን አልተመለሱም። በእነሱ ኋላ ረድፍ ማን ማን ቆሞ እንደነበር አላውቅም፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

«አክስቴ፣ ኋላ ኋላውን ምን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ የእህቴ ልጅ።

«ፀጉሩን ያላበጠረ ካለ ብዬ ነው» አልኳት።