ቀዳዳው ላይ የተነጠፈው ሰሌን

በደርግ ጊዜ መካነ ሰላም ውስጥ ባለቤቴም እኔም በማኅበር ወፍጮ ቤት ውስጥ እንሠራ ነበር። እህሉ ፎቅ ላይ ይከማቻል፣ ወፍጮው ታች ነው። ጆንያ በገመድ የምናወርደው በሳንቃው ወለል መካከል በተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ ስፋቱ ሰው ይውጣል። ሥራ ሲያበቃ በወፍራም ክዳን እንገጥመውና ሰሌን እናነጥፍበታለን። ሰሌን ያየ ሰው ቀዳዳው ተዘግቷል ብሎ ሳይጠራጠር ይራመዳል።

አንድ ቀን ከአውራጃ እንግዶች በግቢያችን አዳራሽ ሊሰበሰቡ፣ ወፍጮውንም ሊጎበኙ መጡ። ኃላፊያችን ጠረጴዛ ቢያንሰው ክዳኑን አስነሥቶ በበርሜል ላይ አጋደመው፣ ጨርቅም አለበሰው። የተከፈተ ጉድጓድ ለእንግዳ ማሳየት ነውር ነው ብሎ ደግሞ ሰሌኑን በባዶው ቀዳዳ ላይ አስነጠፈ።

ባለቤቴ ጠዋቱን ገበያ ስለነበር ይህን አላየም። ጆንያ ተሸክሞ በደረጃው ወጣ፣ ሰሌኑን ረገጠ፣ ከነሸክሙ ታች እኔ ዱቄት እስከምጠርግበት ድረስ ወረደ።

ፊቱ አመድ መስሎ፣ «አንች ሴት» አለኝ፣ «እንዲህ ተነጥፎልኝ አያውቅም፤ ተከብሬ ወደቅሁ እኮ!»

ሊያስቀኝ ነው። ጭኑ ግን ከመካከሉ ተሰብሮ ዞሯል።

ያን ዕለት ወደ ደሴ ሐኪም ቤት የሚሄድ መኪና የእንግዶቹ ብቻ ነበር። ሮጬ ኃላፊውን ከስብሰባው በር ላይ ያዝሁት።

«በአላህ፣ በማርያም፣ መኪናቸውን ይለምኑልኝ!»

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ እህቴ። ክዳኑን ማን አነሣው ቢሉኝ ምን ልበል? አሻጥር ነው ይሉናል፤ ባልሽም አብሮ ይታሰራል።»

«እግሩ ተሰብሯል እኮ!»

«ንግግሩ ይለቅ፣ ወላሂ እኔው እነግራቸዋለሁ። አብሽሪ።»

በፈጣሪ ስም ከማለ ሰው ጋር ምን ክርክር አለ? ጠበቅሁ። ንግግሩ አለቀ፣ ተጨበጨበ፣ ተበላ። እንግዶቹ ሲወጡ ወደ መኪናው ብጠጋ ጥበቃዎቹ ክንዴን ያዙኝ።

«ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» አለ አንዱ እንግዳ።

«የቤት ጣጣ ነው ጓድ፣ እኛ እናየዋለን» አለ ኃላፊያችን፣ በሩንም በእጁ ዘጋላቸው። መኪናው ሄደ።

ባለቤቴ ደሴ የደረሰው ከሰነበተ በኋላ ነው፣ በጭነት መኪና፣ በእህል ጆንያ ላይ ተጋድሞ። አጥንቱ ተጣሞ ገጥሞ ነበርና እግሩ አጠረ፤ ከዚያ ወዲያ ሸክም አልተሸከመም።

በኋላ ኃላፊው ይቅርታ ሊጠይቅ ቤታችን መጥቶ «አፉ በሉኝ» አለ። ባለቤቴ ደግ ሰው ነውና «አፉ ብያለሁ» አለው። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ አላልሁም። እስከ ዛሬም አላልሁም።