የጋሽ ቶሎሳ ፒክአፕ የኋላ አክስል

ቃሊቲ ያለው ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቱታዬን በፌስታል ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ፎርማኑ ጋሽ ተካ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ እኔ መጡ።

«መኪናሽ የቱ ነው?» አሉኝ።

«መኪና የለኝም። ልሠራ ነው የመጣሁት። ከቴክኒክና ሙያ የተላክሁት ሙሉ እኔ ነኝ።»

«ሙሉ ሲሉኝ ወንድ መስሎኝ ነበር» አሉና የጎማ መፍቻውን አቀበሉኝ። «በይ ያንን የኋላ ጎማ ፍቺ።»

ብሎኖቹ ዝገው ተጣብቀዋል። በእጄ አልንቀሳቀስ ሲሉኝ መፍቻው ላይ በሁለት እግሬ ቆሜ ፈታኋቸው። ቁርስ ሲደርስ ጋሽ ተካ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

የተመደብኩት እግር ሥራ ላይ ነው። ባሌስትራ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ አክስል፣ በአጠቃላይ ከመኪና ሥር ተኝተው የሚሠሩት ሁሉ የእኛ ነው። ጋሽ ተካ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ዘይት መፈለግ ነው። «ዘይት ያየሽበት ቦታ የፈሰሰበት ቦታ አይደለም። ነፋስ ይገፋዋል፣ አቧራ ይይዘዋል። አጥበሽ አድርቂ፣ ከዚያ ፈልጊ» ይሉኝ ነበር። ከረዳትነት ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም ወደ አንደኛ መካኒክነት አደግሁ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ የጋራዡ ባለቤት አቶ ግርማ ፎርማንነቱን ለእኔ ሰጠኝ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ አክስል አውርጃለሁ። ደጋግሜ የማወራው ግን ስለ አንዱ ነው።

ሸረፋ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ የስልጤ ልጅ ነው። አንድ ጠዋት ፒክአፑን በሌላ መኪና አስጎትቶ አመጣው። ከኋላው በባጃጅ የመጡት ሾፌሩ ጋሽ ቶሎሳ፣ ሽበታም፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። አባታቸው ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ ቆሟል፤ እሳቸው እዚያው ሰፈር ውስጥ የሸረፋን ሲሚንቶና ቆርቆሮ ያመላልሳሉ።

ከኋላ ቀኝ ጎማ ዘይት ይንጠባጠባል። ሌላ ጋራዥ በተደጋጋሚ ኦይል ሲሉን፣ ማለትም ዘይቱን የሚያግደውን የጎማ ቀለበት፣ ቀይሮለታል። ቀለበቱ ብዙም ሳይቆይ ይበላል። በመጨረሻ ዘይቱ ጎማውን ይዞ የሚያቆመውን የፍሬን ሸራ አራሰው። በዋዜማው ጋሽ ቶሎሳ ሱቁ ደጃፍ ላይ ፍሬን ሲይዙ መኪናው አልቆም ብሎ የተደረደረ ቆርቆሮ ላይ ወጣ። አንድ ጫኝ ዘሎ ነው የተረፈው።

ሸረፋ ተቆጥቷል። «እሑድ እሑድ ደብቆ የሰው ዕቃ እየጫነ ነው የሰበረው። ሰው ሊገድልብኝ ነበር! ዛሬ ሱቁ በር ላይ፣ ጫኞቹ እያዩ ቁልፉን ተቀብዬዋለሁ» አለኝ።

ጋሽ ቶሎሳ እዚያው ቆመዋል። «እኔ የሰው ዕቃ አልጫንኩም» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሸረፋ ዞር ብሎም አላያቸው።

«ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎት አይሂዱ። መኪናውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ።

መኪናውን በክሪክ አንስተን ካቫሌቶ በሚባለው የብረት ማቆሚያ ላይ አስቀመጥነው። ዘይቱን አፈሰስን፤ ጎማውን፣ የፍሬኑን ታምቡር፣ የጎማውን ዘንግ አወጣን። ኦይል ሲሉ በአንድ ጎኑ ብቻ ተበልቷል። ይኼ የቀለበቱ ችግር ቢሆን ዙሪያውን እኩል ይበላ ነበር። ዘንጉ መሐል ላይ አይዞርም ማለት ነው። ዘንጉን ቶርኖ ማሽን ላይ አስገብተን አዞርነው፤ ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ የጠመመው ዘንጉን የያዘው ቤት ነው፤ ዲፈረንሻሉንና ዘንጎቹን ከነዘይታቸው በውስጡ የያዘው ወፍራም ብረት።

«ቤቱን ማውረድ አለብን» አልኩት አቶ ግርማን።

«ሙሉ፣ ሰውየው መኪናውን በቶሎ ነው የሚፈልገው። ኦይል ሲል ቀይሪ፣ ሸራ ቀይሪ፣ ይሂድ።»

«ሸራው እንደገና ይርሳል። ሲሚንቶ ጭኖ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢያጣ ማን ይጠየቃል? እኔ ፈርሜ አላወጣውም።»

አቶ ግርማ በሩን ገፍቶ ቢሮው ገባ። እንዳልከለከለኝ ቆጥሬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ዲፈረንሻሉን አወጣን፣ ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች ፈታን፣ ቤቱን ብቻውን አወረድነው። በናፍጣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ የጠመኔ ዱቄት በተንኩበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ናፍጣ ዱቄቱን ያረጥበዋል። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ባሌስትራው በሚቀመጥበት ቦታ አጠገብ ፀጉር የመሰለ ጥቁር መስመር ወጥቷል።

መስመሩን ተከትዬ ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁት። ከሥሩ የድሮ ብየዳ አገኘሁ። አንድ ሰው በይዶ፣ በሞላ መሞረጃ ማሽን አለስልሶ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶታል። ብየዳው ውስጥ ያለው ዝገት የቆየ ነው። ብረቱ ሲበየድ በሙቀቱ ጠሟል፤ ቀለበቱን ሲበላ የኖረውም ይኼ ጥመት ነው።

ወዲያው ለሸረፋ ደወልኩ። ሲመጣ ጋሽ ቶሎሳንም ጠራኋቸው፤ ሁለቱ አክስሉ ግራና ቀኝ ቆሙ።

«መኪናውን ስትገዛ ሾፌርህ እሳቸው ነበሩ?» አልኩት።

«አይ፣ ከገዛሁ በኋላ ነው የቀጠርኩት።»

«መኪናው አንተ ዘንድ ከመጣ ወዲህ አክስሉ ወርዶ ያውቃል?»

«በጭራሽ። ኦይል ሲል ብቻ ነው ያስቀየርኩት።»

«ይኼ ብየዳ አክስሉ ሳይወርድ የሚበየድ አይደለም። ከላይ በኩል ነው፣ በመኪናው አፅም፣ በሻንሲው ተሸፍኗል። ተሰብሮ የተጠገነ መኪና ነው የሸጡልህ። ጋሽ ቶሎሳ አልሰበሩትም።»

ሸረፋ ጎንበስ ብሎ ብየዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። አቶ ግርማም ከቢሮው ወጥቶ አየውና «እንግዲህ ደግመን እንበይደው?» አለኝ፤ ግን ራሱም ያላመነበት ይመስላል።

«ከተበየደ ይጣመማል። በሌላ ይቀየር» አልኩ።

ሸረፋ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለሽማግሌው ዘረጋላቸው። «ጋሽ ቶሎሳ፣ ይቅር ይበሉኝ። አጥፍቻለሁ።»

ጋሽ ቶሎሳ እጃቸውን አልዘረጉም። «ሸረፋ፣ አንተ ሱቅህ በር ላይ፣ ጫኞቹ ፊት ነው ያልከኝ። እዚህ ይቅርታ ብትለኝ እነሱ አይሰሙም» አሉት።

ሸረፋ ፊቱ ቀላ። ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተና «እሺ» ብሎ ወጣ።

የተፈታ መኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ግቢ ስሄድ ጋሽ ቶሎሳ አብረውኝ መጡ። ቁልፉን ቢነጠቁም መኪናውን እንደራሳቸው ነው የሚያዩት። ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልን ቤት አዲስ ቀለም ተቀብቷል። «ይኼ አሪፍ ነው፣ እናትዬ» አለኝ። ስፍቀው ብየዳ ወጣ። ሁለተኛው ዝገት የለበሰ ነበር፤ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጥሬ ስለካው ቀጥ ያለ ነው። ስፋቱም፣ የባሌስትራው መቀመጫም፣ የብሎኖቹ ቀዳዳም ልክክ አለ። ጠመኔው ደረቅ ሆኖ ቀረ። እሱን ጫንን።

ውስጡን አጠብን። ዲፈረንሻሉን በአዲስ ጓርኒሲዮን አሽገን ገጠምነው፤ ኩሽኔታውን፣ ኦይል ሲሉን፣ የፍሬኑን ሸራ ቀየርን። የአክስሉ መተንፈሻ በጭቃ ተደፍኖ ስለነበር ከፈትኩት፤ እሱ ከተዘጋ የሞቀው ዘይት መውጫ ሲያጣ ደህናውንም ቀለበት ይገፋዋል። ዘይት ሞላን፣ የፍሬኑን አየር አወጣን። አሸዋ ጭኜ ቁልቁለት ላይ ራሴ ሞከርኩት፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከሥሩ ካርቶን አንጥፈን አሳደርነው። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጠብታ አልነበረም።

መኪናውን ሊወስድ የመጣው ሸረፋ ብቻውን ነበር። ስለ ጋሽ ቶሎሳ ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት። በሌላ ጊዜ የጋራዡን ጣሪያ ልናድስ ከሸረፋ ሱቅ ቆርቆሮ አዘዝን፤ ይዘውልን የመጡት ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። ያ ዘሎ የተረፈው ጫኝ ጎናቸው ተቀምጧል። እሳቸው ቆርቆሮውን ሲያስቆጥሩ ልጁ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ሰምተሻል አይደል? ሸረፋ ሁላችንንም ሱቁ በር ላይ ሰብስቦ፣ ቤታቸው ሰው ልኮ አስመጣቸውና ይቅርታ ጠየቀ። ደንበኛ ሁሉ ቆሞ እየሰማ!»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«‹ቁልፉን አምጣ፣ ጭነት ይረፍድብናል› አሉት።»

አሁን ረዳቶችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። መኪና ሲበላሽ ጥፋቱ ቶሎ ሾፌሩ ላይ ይለጠፋል። መካኒክ ብልሽቱ የጀመረበትን ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ማንንም አይወቅስም። ሲያገኘውም ባለቤቱና ሾፌሩ አብረው በቆሙበት ያሳያል።