«ያጠፋሁት እኔ ነኝ»

ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ ነው። የቀረውን በማታ ትምህርት ጨረስኩ። ስለዚህ የተጻፈ ነገር እንደ ሌላው ሰው ገረፍ አድርጌ ማለፍ አይሆንልኝም፤ እያንዳንዱ ቃል ፊት መቆም አለብኝ። ናዝሬት ውስጥ እህል ሰብስቦ የሚያከፋፍል አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስቀጠር ኮምፒዩተሩን ለኔ የሰጡኝ በዚሁ ጠባዬ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ለአጭር ሥልጠና ሄጄ ስመለስ ስሜ ቀረና «የኮምፒዩተሯ» ተባልኩ።

ማሽኑ አሮጌ ነበር፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ተገልግሎበት ሲያበቃ ለኛ ያወረሰው፣ ከአረንጓዴ ፊደል በቀር ሌላ ነገር የማያሳይ። ታዲያ አንድ ጊዜ እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተባለና የየወረዳው ምርት በቀለም ሥዕል እንዲታይ አዲስ ካርድና ባለቀለም ቴሌቪዥን ተላከልን። ካርዱ በማሽኑ ሆድ ውስጥ የሚሰካ ቀጭን ሰሌዳ ነው፤ ሥዕሉን የሚያወጣው እሱ ነው። ባለሙያ አብሮ አልመጣም። የመጣው በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ሥራ አስኪያጁ መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ሠልጥነሽ የለም እንዴ?» ብሎኝ ሄደ።

ፈራሁ። ያን ጊዜ «አሻጥር» የሚባለውን ቃል የማይፈራ አልነበረም። አርሲ ነገሌ ባለው መጋዘናችን ስንዴውን ነቀዝ ሲበላው ነገሩ አሻጥር ነው ተባለና የመጋዘኑን ኃላፊ አምጥተው ናዝሬት አሰሩት። ሚስቱ ስንቅ ቋጥራ በግቢያችን በኩል ስታልፍ ሁላችንም ጠረጴዛችን ላይ እናቀረቅር ነበር። ነቀዝ ሰው ካሳሰረ፣ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ካርድ ምን ያደርግ ይሆን እያልኩ መጽሐፉን ከመዝገበ ቃላት ጋር ቤቴ ወስጄ አነበብኩት።

በማግስቱ ጧት በተጻፈው መሠረት ማሽኑን አጠፋሁ፣ ገመዱን ነቀልኩ፣ ክዳኑን ፈታሁ፣ አሮጌውን ካርድ አውጥቼ አዲሱን ሰካሁ። ገመዱን መልሼ ሰክቼ ማሽኑን ስከፍተው ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ማሽኑ ግን ጮኸ፦ አንዴ ረዥም፣ ሁለቴ አጭር። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያንኑ ጮኸ።

ታይፒስቷ ከጽሕፈት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «እቴ፣ ልጅሽ ርቦታል መሰለኝ፣ ጡጦ ስጪው» አለችና ክፍሉን አሳቀችው። እኔም ልስቅ ስል በሩ ላይ የሠራተኛ ቁጥጥር ኮሚቴውን ሰብሳቢ አየሁት። ደራ ከሚባለው አገር የመጣ ሰው ነው፤ ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል። ጩኸቱ እስከ ኮሪደሩ ድረስ ተሰምቶታል። ምን የሚሉት ምልክት እንደሆነ፣ ለማንስ እንደሚተላለፍ ጠየቀኝ። ለማንም አይተላለፍም፣ ሥዕሉ እምቢ ማለቱን ነው የሚናገረው አልኩት። ነገሩ እየከፋ እንዳይሄድ ብዬ ማሽኑን ዘጋሁት።

ሥራ አስኪያጁም መጣ። ሰብሳቢው ጥቁሩን ቴሌቪዥን ሲያይ ቆየና ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ማነው ያጠፋው?» አለ።

ክዳኑን ከመፍታቴ በፊት ሥርዓቱን መጠበቄን የሚጠይቀኝ መሰለኝ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ጓድ።»

«ሆን ብለሽ?»

«አዎ፣ ሆን ብዬ ነው። መጽሐፉም እንዲያ ነው የሚለው።»

የታይፒስቷ መኪና ቀጥ አለ። ሥራ አስኪያጁ ጫማውን ያይ ጀመር። ያን ጊዜ ነው ያፌ ቃል ተመልሶ ጆሮዬ የገባው። በቋንቋችን መብራት የዘጋም «አጠፋ» ነው፣ ወንጀል የሠራም «አጠፋ» ነው። ማሽኑን ማለቴ ነው፣ መዝጋቴን ማለቴ ነው እያልኩ መንተባተብ ስጀምር ሰብሳቢው እጁን አነሣ። ሰው ሁሉ እንደሰማ፣ ከምሳ በኋላ ከበላይ አካል የሚያጣራ ጓድ ተጠርቶ እንደሚመጣ፣ እስከዚያ ከዚህ ክፍል ንቅንቅ እንዳልል ነገረኝ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ወጣ።

ሌሎቹም ለምሳ ወጡ። ሰብሳቢው ወንበር ስቦ በሩ ላይ ተቀመጠ። እናቴን አሰብኩ። ወንጂ፣ ሸንኮራ ቆራጮች ሰፈር ነው ያለችው፤ ከሰፈሯ ብዙም ወጥታ አታውቅም። ስንቅ ይዛ የትኛው በር ላይ መቆም እንዳለባት ማን ይነግራታል? እጄን ሥራ ለማስያዝ ያህል መጽሐፉን ላንብብ ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ።

«ማንበብ አልተከለከለም» አለ።

ካርዱን ስለመሰካት የሚናገረውን ገጽ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አንድ ቦታ ላይ ስዊች ስለማብራት ያወራል። ማታ መዝገበ ቃላቱ «ማብሪያ ማጥፊያ» ብሎኝ ነበርና፣ ማሽኑ ጎን ላይ ያለችውን ትልቋን ቀይ እጀታ ነው የሚለው ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ግን ከቃሉ መጨረሻ የተለጠፈችውን «ኤስ» አየኋት። የማታው የእንግሊዝኛ መምህራችን ለዚያች ፊደል ሲል ትላልቅ ሰዎችን እንደ ሕፃን ያስቆመን ነበር፤ ከአንድ በላይ መሆኑን እስክንናገር ድረስ አያስቀምጠንም። ቀይ እጀታ ያለችው አንዲት ናት። ሌሎቹ የታሉ?

ገጹን ስገልጥ ሥዕል አገኘሁ። በማሽኑ ሆድ ውስጥ፣ እንደ ሕፃን ጥርስ የተደረደሩ ነጫጭ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ። አምስተኛዋና ስድስተኛዋ ለአረንጓዴው ፊደል ጠፍተው ይቀመጣሉ፤ ለአዲሱ ካርድ መብራት አለባቸው። ክዳኑ እንደተከፈተ ነውና ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለቱም ጠፍተዋል።

እጄን ልሰድ ስል «እንዳትነኪው!» አለኝ።

መጽሐፉን ይዤለት ሄጄ ሥዕሉን አሳየሁት። እንግሊዝኛ አያነብም፤ ሥዕሉን ግን ከማሽኑ ጋር እያስተያየ ጥርሶቹን ቆጠረ። ቆጥሮም አልፈቀደልኝም፤ ማስረጃ ታበላሻለሽ አለ። ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ «እንግዲያው እርስዎ ይንኩት፣ ጓድ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከንፈሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ያን ሰው እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚፈራ ነገር ያለው አልመሰለኝም ነበር።

«ቢቃጠልስ?» አለ።

«ከተቃጠለ ሁለታችንም ነን።»

በሩን አየ፣ ማሽኑን አየ። ከኪሱ እርሳስ አወጣ። እርሳስ እንደማይሆን፣ ዱቄቱ እንደሚያበላሸው መጽሐፉ ለይቶ መከልከሉን ነገርኩት። «እርሳስ ደግሞ ምን አደረገው?» እያለ አጉረመረመና እስክሪብቶውን አውጥቶ ሁለቱን ጥርሶች ቀስ አድርጎ ገፋቸው። ወደኋላም አለ፤ እጀታዋን እንድጫን በአገጩ ጠቆመኝ።

ማሽኑ ሲነሣ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ሆዱን ሲፈትሽ ብዙ ቆየ። ጠረጴዛውን ያዝኩ። አንዴ ብቻ፣ አጠር አድርጎ ጮኸና ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ ፊደል መጣ። የሥዕሉን ፕሮግራም ስከፍተው ቀይና ሰማያዊ ዓምዶች ጎን ለጎን ተነሡ። ሰብሳቢው በኦሮምኛ «ዋቅ!» ብሎ ፈጣሪን ጠራ፣ ትንፋሽ በሚመስል ድምፅ፤ የኮሚቴ ሰው እንዲህ ሲል መሰማት የለበትምና ወዲያው እንዳልሰማ ሆንኩ።

የተጠራው ጓድ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሲገባ እኛ ሁለታችን ማሽኑ ግራና ቀኝ ቆመናል። የተበላሸው የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። ሰብሳቢው አልተበላሸም፣ ሲተከል ነው ትንሽ ያስቸገረው አለ።

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ፈካ ብሎ፣ «ታዲያ ማን አስተካከለው?» አለ።

ሰብሳቢው እኔን አየ። እኔም እሱን አየሁ። «እኔ» ብል ቀጥሎ ምን እንደምጠየቅ አላውቅም፤ «እሳቸው» ብልም አላውቅም። እሱም እንደኔው እያሰላ እንደነበር ከዓይኑ ገባኝ።

«ራሱ ነው የተነሣው» አለ።

«አዎ፣ ራሱ ነው» አልኩ።

የተጠራው ጓድ ዓምዶቹን ጥቂት ተመለከተና ሻይ ሊጠጣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ወጣ። ሰብሳቢው ክዳኑን ራሱ አንሥቶ ገጠመው፤ ብሎኖቹን ግንባሩ እስኪያልበው ድረስ አጠበቃቸው። በማግስቱ ማሽኑን ማንም እንዳይከፍት የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ «የኮምፒዩተሯም ጭምር» ይላል። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩትና፣ ከእንግዲህ ቢጮህም ጠያቂ ወደኔ እንደማይመጣ ገብቶኝ ትንፋሼን ለቀቅሁ።