የማብሰያ ቤቱ ንቦች

የድሮው የልደታ ሰፈራችን ሲፈርስ ከቤቶቹ ጋር ግራዋውም ጌሾውም ተነቀለ። እዚያው ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ንብ ማየት ብርቅ ሆነብኝ። ከብሎካችን ጀርባ የተከልኩት ዱባ ያብብና ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፍ ነበር። አምና አደይ ሲያብብ ግን አንድ የንብ መንጋ መጥቶ በጋራ ማብሰያ ቤታችን ግድግዳ ስንጥቅ ገባ። በወሩ ዱባዬ ፍሬ ያዘ።

ልጆች ስንጥቁን በድንጋይ ሲደበድቡ አንዱ ተነደፈ። የብሎኩ ነዋሪ ተሰበሰበ። በሳምንቱ እሁድ እዚያው ማብሰያ ቤት የአንዲት ጎረቤታችን ተዝካር ሊደገስ ነበርና የኮሚቴው ሊቀመንበር ፍሊት ይነፋባቸው አለ።

«ማን ነው የጀመረው?» አልኩት።

«እማማ፣ ንብ ናቸው እኮ። ሊከሱን ነው እንዴ?»

«ፍርድ ቤቱ እዚሁ ጎናችን ነው። እዚያ ሌባም ቢሆን ሳይሰሙት አይፈርዱበትም።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የእህቴ ልጅ ሆለታ ንብ አናቢ ነው፤ ንብ የሚዛወረው ከመስክ ተመልሶ ሲገባ ስለሆነ ቅዳሜ ማታ ቀፎ ይዞ መጥቶ ያውጣቸው አልኩ። እጅ አውጥተው ተስማሙ። ሊቀመንበሩም እስከዚያ ማንም አይነካቸውም ብሎ ቃል ሰጠ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከእህቴ ልጅ ጋር ስንወርድ ስንጥቁ በሲሚንቶ ተደፍኗል። ፍሊቱ ገና ይሸታል። ቀን መስክ የዋሉት ንቦች ተመልሰው መግቢያቸውን እየፈለጉ ሲሚንቶው ላይ ይርመሰመሳሉ።

«እነዚህን እንኳ ውሰዳቸው» አልኩት።

«አክስቴ፣ አውራዋ ውስጥ ቀርታለች። ያለ እሷ የትም አይደርሱም።»

አንዲት ጎረቤት ሳህን ይዛ መጣች። «ማሩ አይወጣም?»

«ተመርዟል፣ እህቴ» አላት። ሳህኗን ይዛ ተመለሰች።

ሊቀመንበሩን ደጁ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት። «ወጥ ሠሪዎቹ በጠዋት ይገባሉ። የእህትዎ ልጅ ቢቀርስ ብዬ ነው» አለ።

«መጥቷል» አልኩት።

የቀሩትን ብርዱ ጨረሳቸው። እሁድ ሲነጋ፣ ወጥ ሠሪዎቹ ሳይመጡ ወረድኩ። ከግድግዳው ሥር ረግፈዋል፤ አንዳንዱ ገና እግሩን ያንቀሳቅሳል። ሊቀመንበሩ መጥረጊያ ይዞ መጣና ወደኔ ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም።

«አንተው ጥረግ» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ጠረገ። እስኪጨርስ ከአጠገቡ አልተነቃነቅሁም።